«አጣናቸው» ያለችው ፀደንያ ናት

ፀደንያ ሸጋ ናት። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቀናተኛ እንዳልባል ነው። ጥርሷ ነጭ ነው፣ እንግሊዝኛ ትችላለች፣ ስታስነጥስ እንኳ ይቅርታ ትላለች። ይኸው ተናገርኩ፤ አሁን ወደ ጉዳዬ ልሂድ።

እኔ የትነበርሽ እባላለሁ፣ የዛሪማ ልጅ ነኝ። ወደ አዘዞ የመጣሁት አራተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ አምስተኛው እኔን ሳይጨርሰኝ ነው። ስሜን የሰማ ሁሉ አንድ ዓይነት ቀልድ ይቀልዳል። «የት ነበርሽ?» ይለኛል፣ «ዛሪማ» እለዋለሁ፣ ይስቃል። እኔ መሳቅ ካቆምኩ ቆየሁ።

የእናቴ ወንድም አያ ሙሉሰው መንገድ ዳር ኳስ ቤት አለው። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ከፊተኛው አግዳሚ ስለማያልፍ ኳሱን በማይክ የማስተላልፈው እኔ ነኝ። ፈረንጁ ምን እንደሚል አላውቅም፤ ኳሷን ግን አያታለሁ። ተጫዋቹ ሲስት እናቱን እጠይቅለታለሁ፣ ዳኛው ሲያዳላ ከአርማጭሆ ሽማግሌ እልክበታለሁ። የጠዳ ሹፌሮች መኪናቸውን አቁመው የሚገቡት ኳሱን ብለው እንዳይመስላችሁ። ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ያለችው ሰማያዊ ወንበር የኔ ናት። ነበረች ማለቴ ነው።

ነገሩ የተበላሸው አራት ሰዎች ጨረቃን ዞረው ሊመለሱ ነው የተባለ ጊዜ ነው። ሲነሱ በቀጥታ ይታያል ተባለና ቤቱ ገና በጊዜ ሞላ። የኔታ ገብረ ሚካኤል እንኳ ወንበራቸውን አዞሩ። የኔታ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ሌላ ጊዜ ሻይ ሊጠጡ ብቻ ይመጡና ለኳሱ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጣሉ። የዚያን ቀን ግን ዜና አንባቢው «መንኮራኩሯ ዝግጁ ናት» ሲል ሰምተው፣ መንኮራኩር ማለት የሠረገላ እግር ነው፣ እግሩ ብቻውን ወዴት ነው የሚሄደው ብለው ጠየቁ። 

የከፈትነው የኛኑ የአማርኛ ዜና ነበር። ምነው ባልከፈትነው። ሦስት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል፤ ሮኬቷን ጥግ ላይ የክብሪት ሳጥን በምታህል መስኮት ውስጥ ከተዋታል፤ በዚያም ላይ የአንደኛው ትከሻ ግማሿን ሸፍኗታል። ፈረንጆቹ ወደ ታች መቁጠር ሲጀምሩ ባለ ትከሻው ውጭ አገር ሲማር ስለገጠመው ብርድ ያወራ ነበር። እኔ በማይኩ «ብርዱን ተወውና ትከሻህን አንሳ» አልኩት፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ልትነሳ አንድ ትንፋሽ ሲቀራት ማስታወቂያ ገባ። ብስኩት። አንድ ሕፃን ብስኩት በልቶ ዘለለ። ማስታወቂያው አልቆ ስንመለስ የቀረው ጭስ ብቻ ነው።

ሰርግ ተጠርተን ድንኳን ሲፈርስ የደረስን ያህል ተሰማን። የሳንጃው የሰሊጥ ነጋዴ ለጭስ ለጭስማ የቤቴ ምድጃ ምን አነሰኝ ብሎ ወጣ፤ ሌላውም ተከተለው። አያ ሙሉሰው ደንበኛ ሲወጣበት ፊቱ ይጠቁራል። በማግስቱ የፈረንጅ የዜና ጣቢያ አስገጠመ። ለፈረንጁ ጣቢያ ደግሞ የሚስቱን የእህት ልጅ አመጣ። ፀደንያን።

ከጎንደር ከተማ ቦርሳዋን አንጠልጥላ መጣች። አሥረኛ ክፍልን ጨርሳለች። ሰላም ብላኝ ሦስት ጊዜ ሳመችኝ፤ ከዚያ ሰማያዊዋ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ማይኩን ብድግ አደረገች፣ ከቦርሳዋ ሶፍት አወጣች፣ እኔ ስናገርበት የኖርኩትን ማይክ ቤት ሙሉ ሰው እያየ ጠረገችው። እያንዳንዷን ቀዳዳ።

ከዚያ ወዲያ ያሉትን ቀናት እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ? ፈረንጁ ይናገራል፣ እሷ ትከተላለች። ሰዎቹ ምን እንደሚበሉ፣ እንዴት እንደሚተኙ፣ ሽንት ቤታቸው እንኳ እንዴት እንደሆነ ሁሉንም በጨዋ አማርኛ ነገረቻቸው። ሹፌሮቹ ዝም ብለው አዳመጧት፤ እኔን ዝም ብለው አዳምጠውኝ አያውቁም። ሻይ የምታፈላው እትዬ አየለች፣ በነጻ ጠብታ ሻይ የማታቀምሰው እትዬ አየለች፣ ጉሮሮዋ እንዳይደርቅ ብላ ሻይ አስቀመጠችላት። ይህን ሁሉ ቻልኩት። ያልቻልኩት የየኔታን ነው። ፀደንያ ጨረቃ ከቅርብ ስትታይ ምን እንደምትመስል ስትናገር ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁና «ይበል» አሉ። «ይበል» ጥሩ ቅኔ ለተቀኘ ተማሪ ብቻ የሚሉት ቃል ነው። እዚያ ቤት ስለፈልፍ ስንት ኳስ አልፏል፣ ለእኔ አንድ ቀን ይበል ብለውኝ አያውቁም።

በአምስተኛው ቀን ማታ አያ ሙሉሰው ጠራኝ። ወሬውን ከሩቅ አዞረው፤ የእናቴ ወገብ፣ የዘንድሮው አረም፣ የሰው እጦት። መጨረሻ ላይ ወደ ልቡ መጣ።

«እንግዲህ ለአንድ ቤት አንድ አፍ ይበቃዋል» አለኝ። «ይቺ ልጅ ነገም እንዲህ ካማረላት አንቺ ዛሪማ ወርደሽ እናትሽን ታግዣለሽ።»

ነገ ማለት መንኮራኩሯ ጨረቃን የምትዞርበት ቀን ነው። ሌሊቱን ሙሉ ፀደንያን ጉሮሮዋን እንዲይዛት ለመንኩ፤ ብዙም አይደለም፣ ትንሽ ጉንፋን። ጠዋት ድምፅዋ ከትናንቱ አምሮ ተነሳ።

ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። የሳንጃው ነጋዴ ተመልሷል። እኔ በሩ ሥር የጠርሙስ ሣጥን ላይ ተቀምጬ ስትሳሳት ለመያዝ ጆሮዬን አቁሜ ነበር፤ እንግሊዝኛ የማልችል መሆኔን የረሳሁት ያን ጊዜ ነው። ጨረቃ ቴሌቪዥኑን ሞላችው። ድንገት ግን ከሥር ቀይ ጽሑፍ መጣ፣ የሚያስፈራ ሙዚቃ መጣ፣ ዜና አንባቢዋ ቅንድቧን ሰብስባ አንድ ነገር አለች። ፀደንያም እንደ ልማዷ ቃል በቃል ተከተለቻት።

«አጣናቸው» አለች።

እንግዲህ በኛ አገር አጣናቸው ከተባለ የሚከተለው ድንኳን መትከል ነው። የሳንጃው ነጋዴ ባርኔጣውን አወለቀ። እትዬ አየለች ትሪዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ነጠላዋን ዘቀዘቀች፤ ዘቅዝቃም አልቀረች፣ ከአራቱ አንዷ ሴት ናት ተብሎ ነበርና የዚያችን ሴት እናት እያሰበች «ምን ይዋጣት፣ ወይኔ፣ ምን ይዋጣት» እያለች ማልቀስ ጀመረች። የኔታ ወደ ምሥራቅ ዞረው ቆሙ። ሹፌሮቹ አንድ በአንድ እየተነሱ ነፍስ ይማር አሉ፤ አንዳንዱም ወደ በሩ መጣ።

የፈረንጁ ጣቢያ በዚህ ጊዜ ነገሩን ማስረዳት ሲገባው ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ? ሦስት ሰዎችን ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጠ። ከኛው የሚለየው የነሱ ጠረጴዛ መስታወት መሆኑ ብቻ ነው። ጨረቃዋም የክብሪት ሳጥን ውስጥ ገባች።

ፀደንያ ማይኩን አፏ ላይ አድርጋ ሁለት ጊዜ ሞከረች፤ ድምፅዋ ጨዋ ስለሆነ ለቅሶውን ማለፍ አልቻለም። ፊቷ አመድ መሰለ። በመጨረሻ ተነስታ በሰው መካከል እየተጋፋች ወደ ጠርሙስ ሣጥኔ መጣች።

«የትነበርሽ፣ አልሞቱም እኮ» አለችኝ። «ከጨረቃ ጀርባ ገብተው ነው። ድምፁ ጨረቃን አያልፍም፤ ሲዞሩ ይመለሳል። እነዚያ ሦስቱ አሁን ነው የተናገሩት። የሚሰማኝ አጣሁ።»

ማይኩን ዘረጋችልኝ።

አልተቀበልኳትም። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ዝም ብል ማይኩ የኔ ነው፣ ወንበሩ የኔ ነው፣ ዛሪማ ወርዶ ለአረም የሚጎነበሰው የኔ ወገብ አይደለም። ለዚያች ሶፍት እግዜር የላከው መልስ ነው ብዬ ትንሽ አጣጣምኩት። ዐይኗ ግን እንባ ሞላ፤ ስታለቅስም ታምራለች፣ ያ ደግሞ የባሰ አናደደኝ። በዚያ ላይ አንድ ሕመም አለብኝ። የተከፈተ ማይክ ዝም ሲል መቻል አልችልም። እጄ ራሱ ሄዶ ያዘው።

«ጎበዝ!» አልኩ። «ሊማሊሞን ወርዶ የሚያውቅ እስቲ እጁን ያውጣ።»

ለቅሶ መሐል እጅ አውጡ ሲባል ሰው ግራ ይገባዋል። ሹፌሮቹ አወጡ።

«ከደባርቅ ወደ ዛሪማ ስትወርዱ ሚስቶቻችሁ ቢደውሉ ስልኩ ምን ይላል?»

አንዱ ሹፌር የስልኳን ሴትዮ ድምፅ አስመስሎ ማግኘት አይችሉም ይላል አለ።

«ታዲያ ሞታችሁ ነው?»

«ኧረ ተራራው ነው» አለ።

«እናንተን ተራራው ሲጋርዳችሁ ተዝካር አይወጣላችሁም፤ እነሱን ምነው ቀበራችኋቸው? ጨረቃም ተራራ ናት፣ ትልቅ ሊማሊሞ። ከጀርባዋ ገብተው ነው። ፀደንያ ያለችው ኔትወርክ አጣን ነው። እትዬ አየለች፣ ነጠላሽን መልሺ፤ የሰው ልጅ በቁሙ አታልቅሺበት። አሁን ጠመዝማዛውን ጨርሰው ብቅ ይላሉ። ብቅ ሲሉ ስሜን ጥሩባቸው።»

እትዬ አየለች ነጠላዋን ግማሽ ድረስ መልሳ ቆመች፤ እርግጡን ሳታይ የምትመልስ ሴት አይደለችም። በሩ ላይ የደረሱት ተመለሱ። ሦስቱ ፈረንጆች ማውራታቸውን አላቆሙም፤ እኔም አላቆምኩም። እያንዳንዱን ጠመዝማዛ እየጠራሁ ሰዎቹን በጨረቃ ጀርባ አዞርኳቸው። አንዱ ኩርባ ላይ የድንጋይ ጭነት የያዘ መኪና ተበላሽቶ መንገድ ዘጋባቸው፤ እሱንም አስገፋሁላቸው። ሰው መሳቅ ጀመረ። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ተንኮሻኮሸና የሰው ድምፅ መጣ፤ ቀጭን፣ ከሩቅ፣ የሴት ድምፅ።

ቤቱ በአንድ አፍ «የት ነበራችሁ!» አለ። ስሜ እንደዚያ ተጠርቶ አያውቅም።

እትዬ አየለች ነጠላዋን ሙሉ በሙሉ መለሰችና እልል አለች። የኔታም ዞር አሉ። አንገቴን አቅንቼ ጠበቅኳቸው።

«ተርጓሚዋ ትባረክ» አሉ። «ይበል።»

ተርጓሚዋ! ሊማሊሞን ማን ተረጎመው? ፀደንያ ወዲያው ማይኩን ከእጄ ተቀብላ፣ ንግግሩ የየትነበርሽ ነው፣ እኔ አሳስቼ ነበር፣ እሷ ናት ያዳነችኝ ብላ ለቤቱ ሁሉ ተናገረች። ሰው አጨበጨበ። ለማን መሰላችሁ? ለደግነቷ። እኔ ያንን ሁሉ ለፍልፌ ጭብጨባውን በደግነት ወሰደችው። አንድ ነገር ግን አየሁ። ማይኩን ስትቀበለኝ ሶፍት አላወጣችም፤ ምራቄ ላይ ነው የተናገረችው።

አያ ሙሉሰው የሞላ ቤቱን አይቶ ፊቱ በርቶ ነበር። ሰው ሲወጣ መጣና ቅዳሜም ፀደንያ ኳሱን ትሞክረው አለ። ወደ እኔ አላየም። በልቤ ዛሪማ ወረድኩ።

ፀደንያ ማይኩን በሁለት እጇ ይዛ አሰበች፤ ከዚያ እሱ እዚያው እንደቆመ ወደ እኔ ዞረች።

«የትነበርሽ፣ ኦፍሳይድ ምንድን ነው?»

አውቃ ትሁን ሳታውቅ እስከ ዛሬ አልገባኝም። አያ ሙሉሰው ግን ገባው። ቅዳሜን አየው፤ ሹፌሮቹን፣ ኦፍሳይድ የማታውቅ አስተላላፊን፣ ባዶውን አግዳሚ። ጉሮሮውን ጠራረገና እናትሽ ለአረሙ ሌላ ሰው ታፈላልግ፣ ያንቺ መሄድ ይቆይ ብሎ ወደ ጓዳ ገባ።

እንግዲህ ማስተማሩ ለእኔ ቀረ። ኦፍሳይድን አጣምሜ ባስተምራት ቅዳሜ ዕለት ሌላ «አጣናቸው» እንደምትል አሰብኩ። ደስ የሚል ሐሳብ ነበር፤ ለክፉ ቀን አስቀመጥኩት። ሰማያዊዋን ወንበር ሳብ አድርጌ ተቀመጥኩባትና የጠርሙስ ሣጥኑን በእግሬ ገፋሁላት።

«ቁጭ በይ» አልኳት። «መጀመሪያ ማይኩንና ሶፍቱን ስጪኝ።»