የዶለዶመ ቢላዋ

ባሌ ሲራጅ ኩራት ራቱ ነው። መርሳ ገበያ ጨርቅ ሲሸጥ የኖረ ሰው ስለ ቢላዋ ምን ያውቃል? ግን እሱ የማያውቀው ነገር የለም! መድፉ ሲያጓራ ከተማውን ጥለን ወደ ሐብሩ ተራራ ስንወጣ፣ ልጄ ሉብና መንገድ ላይ ወለደች። እሷን ከነደሟ ተቀብላ ቤቷን ያካፈለችን ወርቅነሽ የምትባል ክርስቲያን ናት፤ ባሏ የሞተባት።

የአራሷ ጡት ደረቀ። ሕፃኑ ሲያለቅስ ያድራል፤ ገበያ የለ፣ ወፍጮ የለ። ወርቅነሽ ይህን አይታ ያለቻትን አንዲት ፍየል ጎትታ አመጣች።

«ሾርባ ትጠጣ እንጂ! እናንተው እረዷት፣ በእናንተ እጅ ይሁን» አለች።

እስላም ካረደው እሷ አትቀምሰውም። እያወቀች ነው። አፈርኩ፤ ግን ምን ልበል? ተቀበልኩ።

ቢላዋችን እንጨት ስንፈልጥበት፣ ቆርቆሮ ስንከፍትበት ዶልድሟል። የወርቅነሽ ልጅ ካሳዬ ወልድያ መኪና ይጠግን ነበር።

«ጋሽ ሲራጅ፣ ያምጡት ልሳልልዎ» አለው። «ድንጋዩ ውሃ ይፈልጋል። ቢላዋውን አስተኝቶ በቀስታ ነው፤ መጨረሻ ቀበቶ ላይ ጠረግ ጠረግ።»

«እኔ ቢላዋ ስስል አንተ አልተወለድክም!»

ደረቅ ድንጋይ ላይ አቁሞ ይፈገፍገው ጀመር፤ ደግሞ ፍየሏ ፊት! «ኧረ ሰውዬ፣ እያየችህ እኮ ነው፣ ነውር ነው» ስለው «ዝም በይ!» አለኝ። በአውራ ጣቱ ነካ አደረገና «ፀጉር ይላጫል» ብሎ ተነሳ።

«ቢስሚላህ» ብሎ ሳበው። ቢላዋው ቆዳዋ ላይ ተንሸራተተ። ደገመ። ፍየሏ አንገቷ እስከ ግማሽ ድረስ ተቀዶ ከእጁ ተስፈንጥራ ወጣችና ገደል ገባች። ካሳዬ ወርዶ ሲደርስ ሞታለች። በክት ሆነች፤ ለእኛም ለእነሱም አትሆንም። ወይ መዋረድ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት? ወርቅነሽ «ምን ይደረግ፣ እናንተ ደህና ሁኑ» አለች እንጂ ክፉ ቃል አልወጣትም። ብትሰድበን ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ዶሮዋን ታቅፋ መጣች፣ ያችን እንቁላል የምትጥለውን። ካሳዬ የሳለውን ቢላዋም ይዛለች።

«አያ ሲራጅ፣ እንኩ» አለችው።

ተቀበለ። ከዚያ ቢላዋውን ወደ እኔ ዘረጋው።

«ዘይነባ፣ አንቺ እረጃት። ሃይማኖቱ አይከለክልም» አለኝ።

በአገራችን ሴት ስታርድ ማን አይቷል? ወንድ ከሌለ ጎረቤት ይለመናል። «አንተ በቁምህ እያለህ?» ልለው ነበር፤ ዓይኑን ሳይ ተውኩት። ቢስሚላህ ብዬ ሳብኩ፤ በአንዴ ቆረጠ።

ሉብና ሾርባውን ጠጣች። አመሻሹ ላይ ጡቷ ወተት ያዘ፣ አልሐምዱሊላህ፤ ሕፃኑ ጠብቶ ተኛ። ለሲራጅ የቀረችውን ሥጋ ባቀርብለት ሳህኑን መለሰው።

«በምን አፌ ልብላው?» አለኝ።

ተነስቶ ደጅ ወጣ። ወርቅነሽ ቆሎ እየቆረጠመች ነበር። ጎኗ መሬት ላይ ቁጭ አለና፣ ያ ከሰው ለምኖ የማያውቅ ሰው፣ «እታለም፣ ከቆሎሽ ታቃምሺኛለሽ?» አላት።