የምሳ ዕቃው ክብደት

አማቴ ጠዋት ጠዋት ጣታቸውን ወጋ አድርገው የደም ጠብታዋን ለስኳር መለኪያው ሲሰጡ፣ እኔ ከቁጥሩ በፊት ፊታቸውን አነባለሁ። ሰሞኑን ነገሩ አልገባ ብሎኛል። ጠዋት ደህና ናቸው፤ ረፋድ ላይ ከቢሮ ስደውል ግን ስኳራቸው ወርዶ እንዳላባቸው፣ እጃቸው እንደሚንቀጠቀጥ ይነግሩኛል። ምግባቸውን የማቀርበው ሐኪሙ እንዳዘዘው ነው፤ የሳህኑ ግማሽ አትክልት፣ ሩቡ ምስር፣ ሩቡ ዳቦ። «ኪኒኑን ውጠው ሳይበሉ ከቀሩ አደጋ ነው» ብሎ ደጋግሞ አስጠንቅቆናል። ሳህናቸውን ደግሞ ሁልጊዜ ባዶ ሆኖ ነው የማገኘው።

«የምግብ ሚኒስትሯ መጣች» አሉ የዚያን ቀን ቁርሳቸውን ሳስቀምጥ። «ዛሬም ለጨው በጀት አልተያዘም መሰለኝ።»

«በልኩ አለው፣ እማማ።»

«ልኩን ማን አየው? አንቺስ አትበይም?»

«ቢሮ እበላለሁ፤ ይኸው ቋጥሬያለሁ።»

ኪኒናቸውን ሲውጡ አይቼ ልብሴን ልቀይር ገባሁ። ስመለስ ሳህኑ ባዶ ነበር። ምሳ ዕቃዬን አንስቼ ወጣሁ።

የምሠራው ካርታ የሚሣልበት መሥሪያ ቤት ነው። ምሳ ዕቃዬን ክዳኑን እንኳ ሳልከፍት በር ላይ ለዘበኛው እሰጣለሁ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ምግብ አልወርድ ብሎኛል። ይህን ለእናቱ መንገር አልፈለግኩም፤ የእሳቸው ሐዘን ይበቃቸዋል።

«እህቴ፣ ሰሞኑን እጅሽ ለቀቅ ብሏል» አሉ ዘበኛው ዕቃውን እየመዘኑ። «ክዳኑ አልገጥም እያለ ነው። በዚህ ከቀጠልሽ አዲስ ቀበቶ ትገዢልኛለሽ።»

ሐሳቤ ቤት ስለነበር ፈገግ ብዬ አለፍኩ።

ረፋድ ላይ ደወልኩ። አይነሳም። የቤቱ ስልክ ያለው ከወንበራቸው አጠገብ ነው፤ ሁለተኛ ጥሪ አስጠብቀውኝ አያውቁም። እንደገና ደወልኩ። ካርታው ላይ መሣል የጀመርኩትን ወንዝ ግማሽ ላይ ትቼ ቦርሳዬን አነሳሁ። ለአለቃዬ ምን ብዬ እንደወጣሁ አላስታውስም። ታክሲው ውስጥ ስልኩን ከጆሮዬ አላወረድኩም።

ወጥ ቤት ወንበር ላይ አገኘኋቸው። ግንባራቸው በላብ ርሷል፤ ከንፈራቸው ነጥቷል።

«ማነሽ?» አሉኝ።

መዋጥ መቻላቸውን አረጋግጬ ስኳር በውሃ በጥብጬ ቀስ እያልኩ አጠጣኋቸው። ማንኪያው ከጥርሳቸው ጋር ይንቀጫቀጭ ነበር። ጠብቄ ስኳራቸውን ለካሁ። ከፍ ብሏል። ጥቂት ቆይተው በስሜ ጠሩኝ።

«ቁርስዎን በልተው ነበር?»

«በልቻለሁ።»

«እማማ።»

ወደ መስኮቱ ዞሩ። «አንቺ ነሽ የበላሽው» አሉ። «ልብስሽ እኮ ተንጠልጥሎብሻል፣ ልጄ። ልትለብሺ ስትገቢ ድርሻዬን ምሳ ዕቃሽ ውስጥ እጨምርልሻለሁ። እሱን ቀብሬ ደግሞ አንቺን ልቅበር?»

የዘበኛው ቀበቶ ትዝ አለኝ። ከዚያ ወዲያ መደበቅ አልቻልኩም፤ ምሳ ዕቃው የት እንደሚሄድ ነገርኳቸው።

አንገታቸውን ደፉ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ደንግጬ መለኪያውን አፈፍ አደረግኩ። ተመልሶ የወረደ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቁ ነበር።

«ለካ ዘበኛ ሳደልብ ነው የከረምኩት» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

ስኳሩ ለጊዜው እንጂ ለውሎ አይበቃም፤ ምግብ መከተል አለበት። የተረፈውን ምስር አሙቄ ዳቦ ቆረስኩና ሳህኑን አቀረብኩላቸው። አልነኩትም።

«አንቺ ካልጀመርሽ አልጀምርም።»

«እማማ፣ እባክዎ። ኪኒኑ ሆድዎ ውስጥ ነው ያለው።»

«አውቃለሁ።»

እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ጠበቁኝ። ግንባራቸው እንደገና የሚያልበው እየመሰለኝ ዓይኔን መንቀል አልቻልኩም። ሌላ ሳህን አመጣሁ። ከማዶ ያለው የባለቤቴ ወንበር ባዶ ነበር፤ ወደዚያ ሳላይ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ጉርሻ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። አላምጬ፣ ውሃ ጠጥቼ፣ እንደምንም ዋጥኩት። ያን ጊዜ እሳቸውም ዳቧቸውን አነሱ።

«ጨው የለውም» አልኩ።

«ስንነግርሽ አይደል የከረምነው?»

ሁለተኛውን ጎረስኩ። እሳቸውም ጎረሱ። አንዳችን ከሌላችን ሳህን ላይ ዓይናችንን ሳናነሳ በላን።

«ከነገ ጀምሮ ቁርስሽን እዚሁ በልተሽ ነው የምትወጪው» አሉ። «የዘበኛውን ደግሞ ለብቻው ትቋጥሪለታለሽ። አስለምደነው የለ።»

እሺ አልኩ። መለኪያውን ግን ከአጠገቤ አላራቅኩትም።