ማሽኑ ጨርቅ ይወዳል

ጓንቱ በሩ አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ እንደሌለ ያየሁት ረፋድ ላይ ቤት ስጠርግ ነው። አይቼም ደስ አለኝ።

ልጄ የምትሠራው የወንበር ማምረቻ ውስጥ ነበር። ቶርኖ በሚሉት ማሽን እንጨቱን እያሽከረከረች የወንበር እግር ታወጣለች። ቀጥ ያለውን ቋሚ በመሮ ነካ ነካ ስታደርገው ወገብና ዳሌ ያበጃል። ማታ ግን እጇን ገልብጬ አያለሁ። ስንጥር ያልገባበት ጣት አልነበራትም። እኔ ደግሞ ስንጥር ሳይ መንጋጋ ቆልፍ ይታየኛል፤ ከዚያ ወዲያ የሬሳ ሳጥን ነው። ስለዚህ ወፍራም ጓንት ገዛሁላት።

«እማዬ፣ ቶርኖ ላይ ጓንት አይደረግም» አለችኝ እየሳቀች። «ማሽኑ ጨርቅ ይወዳል። ባዶ እጅ ቢነካው ይልጣል፤ ጨርቅ ካገኘ ግን ጠቅልሎ ነው የሚወስደው።»

የልጅ ወግ መሰለኝ። ሳምንት ሙሉ ነዘነዝኳት። ጓንቱን ከሚስማሩ ላይ ባጣሁበት ቀን ዋዜማ ደግሞ «አፈር ስሆንልሽ» አልኳት።

«ደሞ ጀመረሽ። አፈር ሆነሽ ማን ሊነዘንዘኝ ነው?»

ስልኩ ሲጮህ መጥረጊያው እጄ ላይ ነበር። የደወለው አለቃዋ ነው። ሠራተኞቹ «ዘጠኝ ተኩል» ይሉታል፤ የጣቶቹን ቁጥር ነው።

«እትዬ፣ አይደንግጡ» አለ። ከዚያ በኋላ የሰማሁት የሐኪም ቤቱን ስም ብቻ ነው።

ኮሪደሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። እጅጌው ደም ነክቶታል።

«ስድስት ዓመት ጓንት አድርጋ አታውቅም» አለኝ። «ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ዛሬ ምን ነካት? ማነው እንዲህ ያለ ምክር የሰጣት?»

«ሐኪሙ የት ነው?» አልኩት።

ሐኪሙ ወረቀት ላይ እጅ ሥሎ አሳየኝ። እጅ ውስጥ ሃያ ሰባት አጥንት አለ አለኝ። የተሰበሩት ይጠገናሉ፤ አውራ ጣቷን ግን ማትረፍ አልተቻለም።

«አንድ ጣት ነው እንግዲህ» አልኩ፣ መጽናኛ ፍለጋ።

«አይ እናቴ፣ የእጅ ግማሽ ነው። መያዝ የሚባለው ነገር እኮ ያለ እሱ የለም።»

መሮው ታየኝ።

በአምስተኛው ቀን ወደ ቤት ይዣት መጣሁ። ሲመሽ ከዚያ በላይ መቻል አቃተኝ።

«እኔ ነኝ» አልኳት። «ለአለቃሽም አልነገርኩትም።»

«እኔም አልነገርኩትም።» ፋሻ የታሰረውን ቀኝ እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች። «ማሽኑን አውቀዋለሁ፤ አንቺንም አውቅሻለሁ። ከሁለታችሁ የፈራሁት አንቺን ነው።»

እራቷን አቀረብኩ። ማንኪያውን ይዤ ላበላት ስል ፊቷን አዞረች። በግራ እጇ፣ ደረቷ ላይ እያንጠባጠበች በላች። ከዚያ ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች። ማታ ማታ የምቆልፈው እኔ ነኝ። ቁልፉን በግራ እጇ ከተተችው፤ አልዞርላት አለ። ነቅላ ስትሞክር ወደቀባት። ብድግ አልኩ።

«ተይኝ» አለች፣ ሳትዞር።

ተመልሼ ሁለት እጆቼ ላይ ተቀመጥኩ። ቁልፉ ቀዳዳውን ሲፈልግ፣ ሲስት፣ እንደገና ሲፈልግ ሰማሁ። ብዙ ቆይቶ በሩ ተቆለፈ።