ለጥርስ የሚሆን ገበር

አባቴ ከእኛ ጋር ገበታ ከቀረበ ሁለት ዓመት አልፎታል። ጫማ ሰሪ ነው፤ ምሳውንም እራቱንም ሱቁ ውስጥ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይበላል። የታችኛው ሰው ሠራሽ ጥርሱ ሲያኝክ ይነሳበታል። አንድ ቀን አክስቴ ባለችበት ከአፉ ወጥቶ ሳህኑ ላይ ወደቀ። ማናችንም አልሳቅንም፤ እሱ ግን ከዚያ ወዲህ አልቀረበም።

አክስቴ በብሎን አጥንት ውስጥ ስለሚተከል ጥርስ ሰምታ ስትመጣ ለሳምንታት ሌላ ወሬ አልነበረንም። አይወልቅም፣ አይነቃነቅም፣ ከሰው ጋር ያስበላል አለች። አባቴ ነገሩን በሙያው ነበር የተረዳው፤ የተለጠፈ ሶልና የተሰፋ ሶል መቼም አንድ አይሆንም አለ። ከዚያ ሸሚዙን እንድተኩስለት ጠየቀኝ።

በቀጠሮው ቀን አብሬው ጥርስ ሕክምና ሄድኩ፤ ሐኪሟ ራጅ አስነሳችው። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አትበልጥም። ወንበሩ ላይ ተጋድሞ ሳለ ጫማ በመሥራት ስንት ዓመት እንደቆየ ጠየቀችው።

«ሰው በሙያው ጥርሱን ነቀለ ይባል የለ ዶክተር? እኔ ላይ በእውን ደረሰ» አላት።

ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ጥርሱን አውጥቶ እንዲሰጣት ነገረችው። ተቀብላ መብራቱ ሥር ገለበጠችው፤ ሳቋም ቀስ እያለ ከፊቷ ጠፋ።

ድዱን በሚነካው በኩል ቆዳ ተለጥፎበታል። ቀጭን የፍየል ቆዳ፣ ለሴት ጫማ ገበር የሚሆነው ዓይነት። በቀኝ በኩል ሦስት ድርብ፣ በግራ ሁለት።

አባቴ አላፈረም፤ እንዲያውም ኮራ። ጫማ ለእግር ሲሰፋ ገበር እንደሚገባበት፣ ጥርሱም ሲሰፋበት እንደዚያው እንዳደረገ፣ ማስቲሽ ስለሚሸት በሰም እንዳጣበቀው፣ በዚህ ዘዴ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሐኪም ሳያስቸግር እንደኖረ በዝርዝር አስረዳት፤ ያለ ጥርስ የተናገረው ሲጠፋባት እኔ እደግምላት ነበር።

«አቆራረጡ ጥሩ ነው» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ሽሙጥ አልነበረም። «ማን ነው የቆረጠው?»

የቆረጥኩት እኔ ነኝ። የአባቴ ዓይን ቅርቡን ማየት ሲያቅተው፣ በአሥራ ሦስት ዓመቴ ጀመርኩ። በየሦስት በየአራት ወሩ አሮጌውን አንስቼ አዲስ እቆርጥለታለሁ፤ ላላብኝ ካለ ድርብ እጨምራለሁ። እጅሽ አይንቀጠቀጥም እያለ ያመሰግነኛል። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ለእረፍት ስመጣ ሻንጣዬን ሳልፈታ የምሠራው ሥራ ይሄ ነበር።

ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አስተካከልኩ።

«እኔው ነኝ» አለ አባቴ።

ሐኪሟ ራጁን ወደ እኛ አዞረችው። የታችኛው መንጋጋው እርሳስ አክሎ ቀጥኗል። ጥርስ የለቀቀው አጥንት በራሱም ጊዜ እየሟሸሸ ይሄዳል አለች። ግን ሐኪም በየጊዜው ቢያስተካክለው ኖሮ ጫናው ይከፋፈል ነበር፤ ቆዳው አንድ ቦታ ላይ ብቻ እየተጫነ አጥንቱን በላው። አጥንቱ ባለቀ ቁጥር ጥርሱ ይላላል፤ በላላ ቁጥር ደግሞ ቆዳ ተጨምሮበታል። ይህን ስትናገር እኔን አላየችኝም። ብታየኝ ይሻለኝ ነበር።

አባቴ አጥንቱ ላይ መጨመር አይቻልም ወይ ብሎ ጠየቀ። ለሌሎች ከዳሌ አጥንት ተወስዶ እንደሚጨመር ነገረችው። የእሱ ስኳር ግን ለዓመታት ከፍ እንዳለ ነው፤ ባለፈው ዓመት እግሩ ላይ የወጣች ትንሽ ቁስል ለመዳን አምስት ወር ፈጅታለች። የተጨመረው ላይይዝ ይችላል፤ የቀረውም ሲበሳ ሊሰበር ይችላል። ራጁን ይዛ ወጥታ ለአለቃዋ አሳየችው። ተመልሳ ስትመጣ ገና በሩ ላይ ሳለች ገባኝ። ቆዳው ድዱ ላይ ያወጣው ቁስል እስኪሽር ስድስት ሳምንት ያለ ጥርስ ይቆያል፤ ከዚያ ለስላሳ ገበር ያለው፣ ያው የሚወልቅ፣ አዲስ ጥርስ ይሠራለታል። የሚተከል ነገር የለም።

«ሚስማር የሚይዝ እንጨት ከሌለ ምን ይደረጋል» አለ አባቴ። ጥርሱ አፉ ውስጥ ስላልነበረ አልገባትም። እኔም አልደገምኩላትም። ቆዳውን ልጣ ጣለችና ባዶውን ጥርስ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ።

አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ብዙ ፌርማታ ካለፍን በኋላ «አባዬ፣ የቆረጥኩት እኮ እኔ ነኝ» አልኩት።

«አፉን የከፈተውስ ማን ሆነና» አለኝ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረ።

አምስት ቀን ቻለ። በስድስተኛው ቀን አንድ የቆየ ደንበኛው ታኮ ሊያስቀይር መጣ። አባቴ መቼ እንደሚደርስለት ነገረው፤ ሰውዬው አልገባውም። ደገመለት፤ አሁንም አልገባውም። ሰውዬው ወደ እኔ ዞሮ «ምን እያሉ ነው?» አለኝ፤ አባቴ እዚያው ፊቱ ቆሞ። አባቴ መጋረጃውን ገልጦ ገባና ባዶውን ጥርስ አድርጎ ወጣ። ገና ሁለት ቃል ሳይናገር ጥርሱ ተነሳበት፤ አፉን በመዳፉ ሸፈነ።

ሰውዬው እንደሄደ ቆዳና መቀስ ጠረጴዛው ላይ አውጥቶ ጠራኝ።

ሐኪሟ ያለችውን ሁሉ ነገርኩት፤ ስለ ጫናው፣ ስለ ቁስሉ፣ ስለቀረችው አጥንት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ።

«ገብቶኛል» አለና መቀሱን ራሱ አነሳው።

ቆዳውን ዓይኑ ሥር አስጠግቶ መቁረጥ ጀመረ። መቀሱ አንድ ጊዜ ጣቱን ሊያገኘው ለጥቂት ሳተው። ጠርዙ ሻካራና ወጣ ገባ ሆነ፤ እንዲህ ያለ ቆዳ ድዱን በአንድ ቀን ይልጠዋል። አንድ ሁለቴ ቆረጠ፤ ሁለቱም ያው ነበር። ሦስተኛውን ሲጀምር መቀሱን ከእጁ ተቀበልኩ።

የምችለውን ያህል አሳስቼ ቆረጥኩ። በሰም አጣብቆ አደረገውና አፉን ገጥሞ ከፈተ።

«ትንሽ ሳሳ» አለኝ።

«ይበቃል አባዬ።»

የተረፈውን ቆዳ ወደ እኔ ገፋ አደረገው። መቀሱን አነሳሁና ሁለተኛውን ድርብ መቁረጥ ጀመርኩ።