አራቱ ጉበቶች

የላቦራቶሪ መርማሪዋ የልብስ መቀየሪያውን ክፍል በር ከፍታ ስትገባ፣ የእንስሳት ጠባቂው ቦት ጫማቸውን በፌስታል ጠቅልለው ቦርሳ ውስጥ እየከተቱ ነበር። የብረት ሣጥናቸው ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ውስጡ ምንም የለም። ነጭ ጋውናቸው ታጥቦና ተተኩሶ ወንበር ላይ ተጣጥፏል።

"ጋሼ፣ የዓመት ፈቃድ ወጡ እንዴ?" አለቻቸው።

"ተባረርኩ" አሉ ቀና ሳይሉ። "እኔ የምታውቂ መስሎኝ።"

የሚቀልዱ መሰላት። ጋሼ ቀልድ ያውቁበታል። አይጦቹን "ደንበኞቼ" ነው የሚሏቸው፤ አንዷ ስትነክሳቸው "ዛሬ ደንበኛ ተቆጥቷል" እያሉ ጣታቸውን በፋሻ ይጠቀልላሉ። አሁን ግን ከደረት ኪሳቸው ደብዳቤ አውጥተው ሰጧት። ካንሰር አምጪ ኬሚካል የተቀላቀለበትን መኖ በቸልተኝነት ለሌሎች አይጦች ሰጥተው የሁለት ዓመት ምርምር ስላበላሹ ተሰናብተዋል ይላል። ከጀርባው ማስረጃ ተያይዟል። የማስረጃው የመጨረሻ ገጽ ላይ የራሷን ፊርማ አየች።

ገጹን ወደ ብርሃኑ አስጠግታ ደግማ አየችው።

ተቋሙ አዳዲስ መድኃኒቶች ሰው ጋ ከመድረሳቸው በፊት መርዝ እንዳይኖራቸው የሚፈትሽ ነው። ለሁለት ዓመት ሲፈተሽ የቆየው መርፌ፣ ጉበት ውስጥ ያለን አንድ ጂን ዝም የሚያሰኝ ነው። ያ ጂን የተበላሸበት ሰው ጉበቱ የማይረባ ፕሮቲን ያመርታል፤ ፕሮቲኑ ነርቭ ላይ እየተጠራቀመ መጀመሪያ እግር ያደነዝዛል፣ ቀጥሎ እጅ፣ መጨረሻ ላይ ልብ ይደርሳል። መርፌው ጂኑን አፉን ያስዘጋዋል። አይጦቹ ለሦስት ተከፍለው ነበር፤ አንደኛው ወገን ምንም አልተሰጠውም፣ ሁለተኛው መርፌውን ይወጋል፣ ሦስተኛው ደግሞ ለማነጻጸሪያ ተብሎ የጉበት ካንሰር እንደሚያመጣ በደንብ የታወቀ ኬሚካል በመኖ ይበላል። የእሷ ሥራ በመጨረሻ የእያንዳንዱን አይጥ ጉበት ስስ አድርጎ ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። ኬሚካሉን የበሉት እንደተጠበቀው ታመዋል። መርፌውን ብቻ ከተወጉት ሃምሳ አይጦች ግን በአራቱ ጉበት ላይ ዕጢ አገኘች። ያየችውን ጽፋ አስረከበች።

ከአሥር ቀን በፊት ኃላፊው የሪፖርቱን ጥራዝ በመጨረሻው ገጽ ገልጦ መጣ። አራቱ አይጦች በቴክኒክ ምክንያት ከቆጠራ እንደወጡ፣ ነገሩም ለወጉ ያህል እንደሆነ ነገራት። አንድ እጇ ጓንት ውስጥ እንዳለ ቆማ ፈረመች። ጋሼ መኖ ቀላቅለዋል የሚለው ምክንያት ስድስተኛው ገጽ ላይ ነበር። ስድስተኛውን ገጽ አላነበበችም።

"ጋሼ፣ መኖውን ቀላቅለው ነበር?" አለች፤ ጥያቄው ከአፏ እንደወጣ ግን አፈረች።

ጋሼ ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። የሁለቱ ክፍሎች ቁልፍ ለየብቻ እንደሆነ፣ የመርፌውን አይጦች ጠዋት መግበው ሳይታጠቡና ልብስ ሳይቀይሩ ወደ ኬሚካሉ ክፍል ገብተው እንደማያውቁ ቀስ ብለው አስረዷት። በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን እንኳ አልተሳሳትኩም አላሉም። ያሉት ሌላ ነው።

"ሲነግሩኝ መጀመሪያ ተከራከርኩ። ኋላ የአንቺን ፊርማ አሳዩኝ። እሷማ ያላየችውን አትጽፍም አልኩ። እንግዲህ አርጅቼ፣ ዓይኔም አእምሮዬም ከድቶኝ ይሆናል ብዬ ይኸው ሁለት ቀን ራሴን ስጠረጥር ሰነበትኩ።"

ምን እንደመለሰችላቸው ኋላ ማስታወስ አልቻለችም። ደረጃውን ሽቅብ በንዴት ወጣች። እጇ የያዘውን ሁሉ ግድግዳ ላይ ልትፈጠፍጠው ፈለገች፤ እጇ የያዘው ግን ጠዋት ይዛው የመጣችው ሻይ ብቻ ነበር።

ያ ኬሚካል አመለኛ ነው። ጉበት ውስጥ ሲገባ ከዲኤንኤው ክር ጋር ይጣበቅና አሻራውን ይተዋል። የበላ አይጥ መብላቱን መካድ አይችልም። ከአራቱ አይጦች ጉበት ቁራሽ በማቀዝቀዣው ውስጥ ተቀምጧል። ማንንም ሳታስፈቅድ አወጣች፤ ኬሚካሉን ከበሉትም አራት አወጣች። ሁለት ቀን ሙሉ ፈጨች፣ አጠበች፣ አጣራች። አሻራውን የሚለካው ማሽን ባለሙያ ምርመራው በማን ስም እንደሚመዘገብ ሲጠይቃት በእኔ ስም ይሁን አለችው። ፊቷን አይቶ ሌላ አልጠየቀም።

በሁለተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ውጤቱ ወጣ። ኬሚካሉን የበሉት አሻራ በስክሪኑ ላይ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ቆሟል። የአራቱ መስመር ግን ለጥ ያለ ነው። አንዳችም ኬሚካል አልቀመሱም።

ውጤቱን አትማ ቢሮው ስትወስድለት፣ ኃላፊው ወረቀቱን አይቶ ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፋው። ማን እንዳዘዛት ጠየቀ። ማሽኑ በትክክል ይለካ እንደሆነ ጠየቀ። ለሁለቱም መልስ ነበራት። ከዚያ ድምፁን ለስለስ አድርጎ ከሃምሳው የአራቱ መታመም እንዲያው በአጋጣሚም እንደሚደርስ፣ አይጥ አይጥ እንጂ ሰው እንዳልሆነ ያብራራላት ጀመር።

"ሊሆን ይችላል" አለች። "እንግዲያው አጋጣሚ ነው ብለው ይጻፉ፣ ዶክተር። አራቱንም አስገብተው አጋጣሚ ነው ይበሉ። ለምን በሽማግሌ ያላክካሉ?"

"እንደዚያ ብጽፍ በሰው ላይ መሞከሩን የሚፈቅደው ኮሚቴ ሌላ ሁለት ዓመት ፈትሹ ይለኛል። ሁለት ዓመት የሌላቸው ሰዎች አሉ። አንዷን አንቺ ታውቂያታለሽ።" መነጽሩን አወለቀ። "ከታካሚዎቹ ዝርዝር ተራ ቁጥር ሰባት። ማን ነው እዚህ ቢሮ መጥቶ ለምኖ ያስገባት?"

ውሸት ቢሆን ኖሮ ይቀላት ነበር። ታላቅ እህቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ አባታቸውን የገደለው በሽታ አሁን እሷን ይዟታል። መርፌው በሰው ላይ መሞከር ሊጀመር ነው ሲባል ለእህቷ ቦታ የለመነችው መርማሪዋ ራሷ ነበረች።

ኃላፊው የተሸነፈች መሰለው። ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ሽማግሌውን በመጋዘን ጥበቃ በኩል ቀስ ብሎ እንደሚመልሳቸው፣ ይህ ወረቀት ግን መሳቢያ ውስጥ ቢቆይ ለሁሉም እንደሚበጅ ነገራት። ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች። ቅጂው ማሽኑ ውስጥ እንዳለ ነግራው ወጣች።

ከሥራ እንደወጣች በቀጥታ እህቷ ቤት ሄደች። እህቷ የሰው ቀሚስ ታፋዋ ላይ ዘርግታ ጫፉን በእጇ ትሰፋለች፤ አውራ ጣቷ ደምቶ ጨርቁን ነክቶታል፤ የስፌት መርፌው እንደወጋት አላወቀችም። መርማሪዋ ጣቷን በሶፍት እየጠረገችላት ሁሉንም ነገረቻት፤ ጋሼን፣ አራቱን ጉበቶች፣ ኃላፊው ያላትን።

እህቷ መጀመሪያ የተቆጣችው በአይጦቹ ነው። አራት አይጥ፣ አለች፣ አራት የማይረቡ አይጦች የእኔን ቀን ሊበሉት ነው። የአባታችንን አልጋ ረሳሽው ወይ አለቻት። አልረሳችውም። ከዚያ ረጋ ብላ አሰበችና፣

"እኔ እኮ ካንሰሩን እያወቅሁ መርፌውን ልመርጥ እችላለሁ" አለች። "ሁለት ክፉ ነገር አስቀምጠው አንዱን አንሺ ቢሉኝ ምናልባት ያንን አነሳለሁ። ግን ማን ጠየቀኝ?"

"ማንም።"

"አንቺ ዕጢዎቹን ያየሽው መቼ ነው?"

መርማሪዋ ሶፍቱን አጣጠፈች። "የዛሬ ሁለት ወር።"

"እኔን ያስመዘገብሽኝ ባለፈው ወር ነው።"

"አዎ።"

"እያወቅሽ?"

ሪፖርቱ ውስጥ ስላለ ኮሚቴው አይቶ ይወስናል ብላ ነበር፤ ለራሷ ደጋግማ የነገረችው ይህንን ነው። አሁን እህቷ ፊት ሲሆን ውኃ የማያነሳ ነገር ሆነባት።

"እያወቅሁ" አለች።

እህቷ አልጮኸችም። ቀሚሱን ከታፋዋ አነሳች፣ የደማውን ቦታ ወደ ውስጥ አጠፈችው። "አለቃሽ የሠራው በማያውቀው ሰው ላይ ነው" አለች። "አንቺ ታውቂኛለሽ። በይ ሂጂልኝ፣ ዛሬ ላይሽ አልፈልግም።"

መርማሪዋ በሩን ከኋላዋ ዘጋች፤ ፎቁን ሳትወርድ ግን ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ጎረቤቶች ከሥራ እየተመለሱ ነው፤ እየተሻገሯት ሲያልፉ ኮምፒውተሯን ጉልበቷ ላይ ከፈተች። በሰው ላይ የሚደረግን ሙከራ ለሚፈቅደው ኮሚቴ ከሰዓት በኋላ የጀመረችው ደብዳቤ አለ። አንድ ገጽ ተኩል ሙሉ ስለ ኃላፊው ነው፤ እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው፣ እያንዳንዱ ቃል በንዴት ነዷል። አንብባ ስትጨርስ ራሷን ፈለገች። የለችበትም። ያለችው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ "ፊርማዬ ያለ ዕውቀቴ ጥቅም ላይ ውሏል" ይላል።

ያንን ዓረፍተ ነገር አጠፋችው። ከላይ ወደ መጀመሪያው መስመር ሄዳ፣ ሪፖርቱን ሳታነብ እንደፈረመች ጻፈች። ዕጢዎቹን ካየች በኋላ እህቷን ምንም ሳትነግራት እንዳስመዘገበች ጻፈች። በሷ ፊርማ የተባረሩት ጠባቂ ምንም ጥፋት እንደሌለባቸው፣ ማስረጃውም ከደብዳቤው ጋር እንደተያያዘ ጻፈች። ስለ ኃላፊው የጻፈችውንም አልቀነሰችም፤ ከዚያ በታች አስከትላዋለች።

ነገ ጠዋት አትማ ለጋሼ ቤታቸው ድረስ ልትወስድላቸው ወሰነች፤ ያንን ደብዳቤ በእጃቸው ይዘው የትም መሄድ ይችላሉ። ሥራዋ እንደማይቆይላት ታውቃለች። መርፌው ሊዘገይ ይችላል፤ እህቷ ሁለት ዓመት ይኑራት አይኑራት አታውቅም። ከበሩ ጀርባ የስፌት መኪናው ድምፅ ጀመረ፣ ቆመ፣ እንደገና ጀመረ።

የኮሚቴውን አድራሻ ጻፈች። ልትልከው ጣቷን ካስጠጋች በኋላ መለሰችው፤ ከኮሚቴው ቀጥሎ የእህቷን አድራሻ ጨመረችበት፣ ከዚያ ላከችው።