የመስመሩ የኋላ ጠርዝ

እና አፌን ገጥሜ እቆማለሁ፣ ሌላ ምን አማራጭ አለኝ፣ ሰባ ሺህ የአሜሪካ ፉትቦል ተመልካች ሲጮኽ መሬቱ በጫማዬ በኩል ይነዝረኛል፣ ሃያ አራት ለሃያ አንድ እየመራን ነው፣ እኛ፣ እኛ ማለት ግን አይፈቀድልኝም፣ የዳኞቹን አሥር ያርድ መለኪያ ሰንሰለት አጣጥፈን እስክናስረክብ ድረስ እኛ የሚባል ነገር የለም፣ እሱን ቃል ቤት ሚስቴ ኢሬና ጋ ትቼው ነው የመጣሁት፣ አጨብጭበህ ብትገኝ፣ ፈገግ እንኳን ብትል፣ ከሊጉ አንድ ሰው ደብተሩ ላይ ያሰፍርሃል፣ በሚቀጥለው ዓመት ያንተን ቦታ ሌላ ሰው ቆሞበት ታየዋለህ። ፊትህን ድንጋይ አድርግ፣ ካዝ። ድንጋይ።

ስንት ቀረው፣ አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ፣ እነሱ ሰዓት የሚያስቆሙበትን እረፍት ጨርሰዋል፣ አንድ ጊዜ፣ አንዴ ብቻ በአራት ሙከራ አሥሯን ያርድ ብንሞላት ኳሱን ታቅፈን ቁጭ፣ ጨዋታው አለቀ፣ በታሪካችን ሁለት የጥሎ ማለፍ ጨዋታ በተከታታይ አሸንፈን አናውቅም፣ እኔ ይህን መስመር ስጠብቅ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው፣ ሰባት አሠልጣኝ ሲባረር አይቻለሁ፣ ሰባቱንም በዚህ ፊት ነው የሸኘኋቸው።

ከተጋጣሚዎቻችን፣ ከፍሎሪዳዎቹ ተጠባባቂዎች አንዱ፣ ቁመቱ በር የሚያክል፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ከሁለተኛው ሩብ ጀምሮ ሊያስቀኝ ይታገላል፣ አባባ፣ እውነቱን ንገረኝ፣ የማን ደጋፊ ነህ፣ የሰንሰለቱ አልኩት፣ ሰንሰለቱስ ስንት አገባ፣ አሥር፣ ሁልጊዜ አሥር ነው፣ ሳቀ፣ ጥርሱ በብርድ እየተንገጫገጨ ሳቀ፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ ዛሬ ግን ተሸንፎ ወደ ሞቀው አገሩ ቢሄድልኝ ደስታዬ ነው።

ኢሬና ባለፈው ሳምንት አሸንፈን ቤት ስደርስ በሩ ላይ ጠበቀችኝ፣ በቴሌቪዥን አየሁህ አለችኝ፣ አገር ምድሩ ሲዘል አንተ ብቻ የሽንት ቤት ተራ የምትጠብቅ ነው የምትመስለው፣ አላወቀችም፣ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ፣ መስኮቱን ዘግቼ፣ ድምፄ እስኪዘጋ ጮኼ ነው የመጣሁት፣ ጉንፋን ይዞኛል አልኳት፣ ማር በሻይ አፍልታ ሰጠችኝ።

ሰዉ ዝም አለ። የራሳችን ተጫዋቾች ትእዛዝ እንዲሰሙ ዝም አለ፣ አራተኛው ሙከራ፣ የመጨረሻው፣ የጎደለው ከክንድ አይበልጥም፣ አሠልጣኙ ኳሱን በእግር አስመትቶ ያርቀዋል ብዬ ነበር፣ አላደረገውም፣ ድፍረቱ የገደለው ሰውዬ፣ ገብተው ተሰለፉ፣ ከአፋቸው የሚወጣው እንፋሎት ከመሐል አንድ ላይ ደመና ሠርቷል፣ የተጠበሰ ቋሊማ ሽታ ከየት ነው የሚመጣው፣ በዚህ ሰዓት ማን ይበላል፣ ኳሱ ተነሳ፣ ኳስ አከፋፋዩ፣ ኳርተርባካችን፣ ራሱ ይዞት አንገቱን ደፍቶ ገባ፣ ሯጫችን ሙዲ ከኋላው በትከሻው ገፋው፣ ክምር ሆኑ፣ ክምሩ ላይ ሌላ ክምር፣ ፊሽካ።

ደረሰ። አልደረሰም። ደረሰ፣ ከዚህ ምን ይታየኛል፣ ዳኞቹ አንድ በአንድ ሰው እያነሱ እንደ ድንች ጆንያ ወደ ጎን ያደርጉታል፣ ከሥር ኳሱ ወጣ፣ ዋናው ዳኛ ወደኛ ዞረ፣ እጁን አወዛወዘ፣ ልኬት። ጉድ ፈላ። ልኬት ነው፣ ኤልመር ና፣ ሩጥ።

እንሮጣለን፣ ኤልመር የኋላውን ዘንግ ይዞ፣ ሌላው ባልደረባችን የፊተኛውን፣ በመሐላቸው አሥር ያርድ ሰንሰለት፣ እኔ መሐል ላይ መቆንጠጫዬን ጨብጬ፣ ሥራዬ ይቺ ናት፣ የልብስ መቆንጠጫ የምታክል ቀይ ብረት፣ ቡድኑ አራቱን ሙከራ በጀመረ ቁጥር ሰንሰለቱ አንዱን ነጭ መስመር በሚያቋርጥበት ቦታ ላይ እሰካታለሁ፣ ሲለካ እሷን ወስደው እዚያው መስመር ላይ መልሰው ያሳርፏትና ከዚያ የፊቱን ዘንግ ወጥረው ይተክሉታል፣ ዘንጎቹን ማን ያምናል፣ ዘንግ ይንሸራተታል፣ ሰው ሲገጨው ይወድቃል፣ የሚታመነው መቆንጠጫው ነው። ማለት እኔ። ነጩ መስመር ራሱ አንድ ጋት ይሰፋል፣ ስለዚህ ሁላችንም የምንሰካው በኋላ ጠርዙ ነው፣ ሁልጊዜ፣ እንቅልፌ ውስጥ ቀስቅሰህ ብትጠይቀኝ የምመልሰው ነው።

ፕሪቸት፣ የመስመር ዳኛው፣ ካንሳስ ይሁን ከየት ይምጣ እንጃ፣ ጎንበስ ብሎ ይጠብቀኛል፣ አርባ አምስተኛው መስመር ላይ ጣቱን አሳርፏል፣ እንደ ወጉ ይጠይቀኛል፣ የኋላ ጠርዝ?

የኋላ። ቃሉ ምላሴ ላይ ነው፣ በሃያ አንድ ዓመት ሌላ መልስ ሰጥቼ አላውቅም፣ እና አውራ ጣቴ፣ ቆይ፣ አውራ ጣቴ ምን አየ፣ ከአራት ሙከራ በፊት ሙዲ አሥራ ሁለት ያርድ አፍንጫዬ ሥር ሮጦ አለፈ፣ አንዱን በደረቱ ገጭቶ ጣለው፣ በረዶው ፊቴ ላይ ተረጨ፣ አልጮህኩም፣ ጥርሴን ነክሼ ጎንበስ አልኩና ሰካሁ፣ ዓይኔ ግን ሙዲ ላይ ነበር፣ ሲነሳ፣ ሲጨፍር፣ እጄ ብቻዋን ነው የሠራችው፣ መቆንጠጫውን ስጫን ነጩ መስመር ከአውራ ጣቴ በስተግራ ነበር። በስተግራ። እኛ የምንሄደው ወደ ቀኝ ነው። የፊቱ ጠርዝ ላይ ሰክቻለሁ።

ወይ አምላኬ።

አይ፣ ተሳስቼ ነው፣ ደንግጬ ነው፣ ሰው ሲደነግጥ ያላየውን ያያል፣ አይደለም፣ ነጩን በግራ አየሁት፣ አሁንም ይታየኛል፣ በረዶ ያለበት ነጭ፣ በግራ። የኋላ ካልኩት ሰንሰለቱ በሙሉ አንድ ጋት ወደ ኋላ ይሳባል፣ የፊቱ ዘንግ አንድ ጋት ወደ ኳሱ ይቀርባል፣ ለእኛ አንድ ጋት፣ በነጻ፣ ማን አየ፣ ማንም፣ ካሜራው ሙዲን ነው ሲያይ የነበረው፣ አንተም ሙዲን ነው ስታይ የነበርከው፣ በቃ፣ ስህተት ነው፣ ስህተት ደግሞ ማንም ይሳሳታል፣ የፊት ካልኩት ዘንጉ አንድ ጋት ይርቃል፣ ኳሱ ካልደረሰ እነሱ በሦስት ነጥብ ልዩነት፣ በአንድ ደቂቃ ተኩል፣ ከሜዳው መሐል ይጀምራሉ፣ ኳርተርባካቸው ደግሞ ሲወረውር መርፌ ቀዳዳ ያስገባል፣ በእኔ አፍ፣ በገዛ አፌ፣ ጺሙን ሰማያዊ የቀባው የማውቀው የአውቶቡስ ሾፌር እዚያ ሁለተኛው ረድፍ ላይ እጁን አጣምሮ ይጸልያል፣ አንተ ሰውዬ የማን ልጅ ነህ፣ በዚህ ከተማ አይደል እንዴ የተወለድከው፣ ዝም በል፣ የኋላ በል፣ አንዲት ቃል ናት።

ካዝ፣ የኋላ ጠርዝ ነው ወይ፣ ፕሪቸት ቀና ብሎ አየኝ።

እስካሁን ስህተት ነበረች። ይቺን ቃል ካልኩ በኋላ ግን ስርቆት ናት፣ ስሟ ይቀየራል፣ እና ስናሸንፍ፣ መኪናዬ ውስጥ መስኮት ዘግቼ ስጮኽ ምን ብዬ ነው የምጮኸው፣ ኢሬና ማሩን በሻይ ይዛ ስትመጣ ምን ብዬ እጠጣዋለሁ፣ ሃያ አንድ ዓመት የጓጓሁላትን ድል ገና ሳልቀምሳት አበላሻታለሁ፣ ይህን እኔ እንዴት እችለዋለሁ፣ አልችለውም፣ እፈልጋታለሁ፣ ይህን ያህል ስለምፈልጋት ነው እኮ፣ ንጹሕ ሆና ነው የምፈልጋት።

የፊት፣ እላለሁ። ድምፄ የእኔ አይመስልም፣ የፊት ጠርዝ ላይ ሰክቻለሁ፣ አለቃ፣ ተሳስቼ ነው።

ፕሪቸት ያየኛል፣ ጃኬቴ ላይ ያለውን ባጅ ያያል፣ እንደገና ፊቴን፣ የማን አገር ሰው እንደሆንኩ ያውቃል፣ ሁሉም ያውቃል፣ እርግጠኛ ነህ? ነኝ። ትምላለህ? እምላለሁ። ኤልመር ከኋላ ሆኖ በሹክሹክታ፣ አብደሃል አንተ፣ ምን ሆነሃል፣ ሚስትህ ዛሬ አታስገባህም፣ ዝም በል ኤልመር፣ ዘንግህን ያዝ። ፕሪቸት ጣቱን ከመስመሩ ኋላ አንስቶ ወደ ፊት ጠርዝ አሻገራት፣ አንድ ጋት፣ ነጩን በሙሉ፣ መቆንጠጫዬን አሳረፍኩ፣ ተጫንኩት፣ ወጥሩ አለ።

ሰንሰለቱ ከበረዶው እየተላቀቀ ይንቃጨላል፣ ሰባ ሺህ ሰው ትንፋሹን ይዟል፣ አንድ ሰው ብቻ ሩቅ ቦታ ያስላል፣ የፊቱ ዘንግ ወደ ኳሱ ይሄዳል፣ አልፎት ሊሄድ ነው፣ ማየት አልፈልግም፣ አያለሁ፣ ዳኛው ዘንጉን ይተክላል፣ ይንበረከካል፣ የኳሱ አፍንጫ፣ እና ዘንጉ፣ ማንኛው ነው ፊት፣ የዳኛው ጀርባ ከለለኝ፣ ተነስ አንተ ሰውዬ፣ ጣቱን በመሐላቸው ሊያስገባ ይሞክራል።

አይገባም። ኳሱ ነው ያለፈው፣ ኳሱ ነው ፊት ያለው፣ በጣት ውፍረት፣ በአንዲት ጣት ውፍረት አልፏል፣ ዳኛው ብድግ ብሎ ክንዱን ወደ ቀኝ ዘረጋ፣ ወደ እኛ አቅጣጫ፣ ወደ እኛ!

ጩኸቱ ከላይ እንደ ናዳ ወረደብኝ፣ ጆሮዬ ጭው አለ፣ ሾፌሩ ጎረቤቱን ተሸክሞታል፣ ሙዲ በረዶው ላይ በጀርባው ወድቆ እጁን እያወናጨፈ ይስቃል፣ የፍሎሪዳው ልጅ ብርድ ልብሱን ጭንቅላቱ ላይ ጣለው፣ አሸነፍን፣ አለቀ፣ ኳሱን ሦስቴ ታቅፈው ቢንበረከኩ ሰዓቱ ያልቃል፣ በአንድ ጣት፣ በእውነተኛ ጣት፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፣ ማንም ሊወስዳት አይችልም፣ ከየትኛውም አቅጣጫ ቢለኳት የእኛው ናት፣ ዳኛ ቢጠሩ፣ ካሜራ ቢመልሱ፣ ይምጡ ይለኩ፣ ኤልመር ጎኔን በክርኑ ይጎሽመኛል፣ ዝም ብትል ኖሮ በአንድ ጋት እናሸንፍ ነበር፣ አንተ እብድ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቷል፣ ብርዱ ነው ይለኛል፣ ሳልጠይቀው።

ሥራ አላለቀም። አዲስ አራት ሙከራ ነው፣ ሰንሰለቱ እንደገና ይዘረጋል፣ ማንም የማይለካው ልኬት ቢሆንም ይሰካል፣ ወደ ዳር ተመልሰን ዘንጎቹን ተከልን፣ እኔም ነጩ መስመር ጋ ጎንበስ አልኩ፣ በረዶውን በጓንቴ ጠረግኩ፣ የኋላ ጠርዝ፣ አየሁት፣ ደግሜ አየሁት፣ ሰካሁ፣ ጨረስኩ፣ እና አልነሳም፣ እዚህ ታች ካሜራ አይደርስም፣ አገጬን ጉልበቴ ውስጥ ቀብሬ እስቃለሁ፣ ትከሻዬ ይንቀጠቀጣል፣ እንባዬ ይወርዳል፣ አፌ ከአንዱ ጆሮዬ እስከ ሌላው ተከፍቷል፣ የፕሪቸት ጫማ አጠገቤ መጥቶ ቆመ፣ ጨረስክ ወይ ካዝ፣ ገና ነኝ አለቃ፣ ትንሽ ቀርቶኛል፣ ይቆማል፣ ይጠብቃል፣ ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ አትቸኩል፣ በደንብ አድርገህ ሥራው፣ ይለኝና ጀርባውን ሰጥቶኝ ከሰው ይከልለኛል፣ እኔም እሺ አለቃ፣ እሺ፣ እላለሁ፣ እኛ፣ እኛ፣ እኛ