የጋሽ ሙዘይን አንድ ዓይን

"ይሁዳ! በስመአብ፣ ይሁዳን እዚህ ማን አመጣው?"

እትዬ ተሻለች ይህን ሲሉ አሻግሬ መሰላል ላይ ሆኖ በመድረኩ መጋረጃ ላይ የሐይቁን ዳር ሸንበቆ በአረንጓዴ ቀለም ይነካካ ነበር። ደንግጦ ብሩሹን ጣለው። ሴትዮዋ ከገበያ ሲመለሱ "እስቲ እኔን እንዴት አድርገህ እንደሣልኸኝ ልይ" ብለው ነው ጎራ ያሉት። ራሳቸውን ከሕዝቡ መሀል ፈልገው አገኙ። ነጠላቸው ነጭ፣ ዓይኖቻቸው ጎላ ጎላ ያሉ ሆነው ሲያዩ ደስ ብሏቸው "እሰይ፣ እጅህ ይባረክ!" ማለት ጀመሩ። ምርቃቱን ሳይጨርሱ ግን ጣታቸው ወደ መጋረጃው ቀኝ ዞረ።

"የቱ ነው ይሁዳ?" አለ አሻግሬ ከመሰላሉ እየወረደ።

"ይሄ ነዋ! ይሄ ባንድ ዓይኑ የሚያየው!" ቀረብ ብለው አተኮሩበት። "ኧረ ጉድ! ይሄማ ሙዘይን ነው። ጨርቅ ነጋዴው ሙዘይን! አንተ ልጅ፣ ምን በደለህ?"

አሻግሬ ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት እትዬ ተሻለች በሩን አልፈው ሄደዋል። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ማንም ይመሰክርላቸዋል። ከጋሽ ሙዘይን ጋር አጥር ይጋራሉ፤ ሠርግና ለቅሶውን አብረው አሳልፈዋል። ጎረቤታቸው በአደባባይ ሲዋረድ እያዩ ዝም ማለት ግን አልፈጠረባቸውም። ያዩትን ለማድረስ ደግሞ እግራቸው አይሰንፍም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሻግሬ ሥዕል የተማረው ከአጎቱ ነው። አጎቱ በአምባሰል አፋፍ አፋፍ ላይ ባሉት አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ መላእክቱን ሲሥሉ እሱ ቀለም እየበጠበጠ አደገ። የመጀመሪያው ትምህርቱም "ጻድቅን በሁለት ዓይኑ፣ ኃጥእን ባንድ ዓይኑ ሣል" የሚል ነበር። ሰይጣንም፣ ይሁዳም፣ ጌታን የገረፉት ጭፍሮችም ጎናቸውን ሰጥተው ባንድ ዓይን ነው የሚታዩት። ቤተ ክርስቲያን ሳሚ የሆነ ሁሉ ፊደል ባይቆጥር እንኳ ይችን ያውቃታል። ሙስሊሙ ግን ከየት ያውቃታል? አብዮቱ ከመጣ ወዲህ ግድግዳ የሚያሥል ደብር ሲጠፋ አሻግሬ ወደ ሐይቅ ከተማ ወረደና የሻይ ቤት ማስታወቂያና የሰልፍ መፈክር ይጽፍ ጀመር። እዚያ ነው መምህር ጠሃ ያገኘው።

ጠሃ ቴአትር ጸሐፊ ነው፤ ቢያንስ እሱ እንደዚያ ይላል። ቀበሌውን ለምኖ፣ ደጅ ጠንቶ፣ የቀድሞውን ባላባት ጎተራ ለኪነት ቤት አስፈቀደ። ፈንታሁን ማሲንቆውን ይዞ መጣ። እስከዚያ ቀን ድረስ "አዝማሪ" እየተባለ ከየሠርጉ ቤት ጓሮ ይበላ የነበረ ሰው ተማሪዎች ተሰጡትና "መምህር" ተባለ፤ ሰሞኑን እንኳ አንገቱን ቀና አድርጎ መሄዱን አይታችሁልኛል? ጥልፍ አዋቂዋ ኡሙሰልማ ከነባልደረቦቿ አንዱን ጥግ ያዘች። ሸክላ ሠሪዎቹ ሌላውን። እህል የጠፋበት ጎተራ ሰው ሞላበት። የቀበሌው ሊቀመንበር ግን ቁርጡን ነግሯቸዋል፤ "እሑድ የአውራጃ እንግዶች ይመጣሉ። ሥራችሁ ካማረ ቤቱ የእናንተ ነው። ካላማረ ማዳበሪያ ይገባበታል።"

የሚያምረው ደግሞ በማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። በኑርሀያት ነው፣ በጋሽ ሙዘይን ልጅ። ያቺ ልጅ የአምባሰልን ዜማ ስታነሳው ፈንታሁን ራሱ እጁ ማሲንቆው ላይ ይደርቃል። አባቷ እሺ ያሉት በስንት ሽማግሌ ነው፤ ያውም "ሳይመሽ ትመለስ፣ እኔን ግን ኑና እዩ እንዳትሉኝ፣ ዘፈን አልወድም" ብለው። እንዲያም ሆኖ ለመድረኩ መጋረጃ የሚሆነውን አቡጀዲ ከሱቃቸው ቀደው የሰጡት እሳቸው ናቸው።

አንድ ቀን ልምምድ ላይ አሻግሬ ቀና ሲል ጋሽ ሙዘይን በሩ መቃን ሥር ቆመዋል። የሱቃቸው ቁልፍ በእጃቸው ነው፤ ኮፍያቸው ወደ ኋላ ሸርተት ብሏል። ልጅቷ ጀርባዋን ሰጥታቸው ታዜማለች፦

"ከሐይቁ ማዶ ቆሜ ብጣራህ ብጣራህ፣
ውሃው ነው የሰማኝ፣ አንተ መቼ መጣህ።"

የጋሽ ሙዘይን ከንፈር ከእሷ ጋር ይንቀሳቀስ ነበር። ዘፈኑ ሲያልቅ የሉም። አሻግሬ ለማንም አልተናገረም፤ ያ ፊት ግን እንቅልፍ ነሳው። መጋረጃው ላይ ከተማውን በሙሉ ሲሥል እሳቸውንም ፊት ለፊት ሞከራቸው፤ ለመታወቂያ ፎቶ የተቀመጠ ሰው ሆኑበት። አጠፋው። ጠሃ ያመጣቸው መጽሔቶች ላይ ሰዎች ወደ ጎን ሲያዩ አይቷል። "ሰው ሁሉ ፊት ለፊት አያይም እኮ" ይለዋል ጠሃ። አሻግሬም "ይሄ አዳራሽ እንጂ ቤተ መቅደስ አይደለም" ብሎ ልቡን አጸናና ጋሽ ሙዘይንን እንዳያቸው አድርጎ ሣላቸው። በሩ መቃን ሥር፣ ቁልፍ ይዘው፣ ጎናቸውን ሰጥተው፣ መሀል ላይ የምታዜመውን ልጃቸውን ሲያዩ። በዕድሜው እንዲህ ያለ ፊት ሥሎ አያውቅም፤ ቆም እያለ ያየውና ደስ ይለው ነበር። ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያን የለመደውን ዓይን ይዞት እንደሚመጣ ግን አላሰበም።

ዛሬ ታዲያ የእትዬ ተሻለች ወሬ ከተማውን ማዳረሱን ሲሰማ፣ ቀለሙን ከእጁ ሳያጸዳ ወደ ሱቁ ሮጠ። ዕለቱ ዓርብ ነው። ጋሽ ሙዘይን ከጁምዓ ተመልሰው ጨርቅ ይጠቀልላሉ። ኑርሀያት ከኋላቸው አጎንብሳ ታጣጥፋለች።

"እንደምን ዋሉ ጋሽ ሙዘይን?"

"አልሐምዱሊላህ።" ቀና አላሉም። "ይሁዳ ማነው?"

አሻግሬ ቀለም የነካ እጁን ወደ ኋላው ደበቀ።

"ገና ከመስጊድ ስወጣ ነው ሰው የያዘኝ። ጌታውን የሸጠ ነው አሉኝ። እውነት ነው?"

"እውነት ነው፤ ግን…"

"እኔ ማንን ሸጥሁ?" ጨርቁን አስቀመጡት። "ሥዕል ሐራም ነው እያሉኝ፣ 'ከተማው ሁሉ ኖሮ አንቱ ብቻ ቢጎድሉ ይከፋኛል' ስትለኝ እሺ አልሁህ። አቡጀዲውን ሰጠኋችሁ። ልጄን ሰጠኋችሁ። አንተ ደግሞ በገዛ አቡጀዲዬ ላይ ይሁዳ አደረግኸኝ!"

"ወላዲተ አምላክን! እንደዚያ አስቤ አይደለም።"

ጋሽ ሙዘይን ወደ መንገዱ አየት አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ዘመኑን እወቅ እንጂ ልጄ። ነጋዴ ነኝ። እሑድ የሚመጡት ሰዎች 'ይሄ ባንድ ዓይን የተሣለው ማነው?' ቢሉና አንዱ ተነስቶ 'አሻጥረኛው ነዋ!' ቢል፣ ከማን ጋር እከራከራለሁ?"

አሻግሬ ይህን ጨርሶ አላሰበውም ነበር። 'በሩ ላይ ቆመው ሲሰሟት አይቼዎት ነው' ሊል አፉ ላይ ደረሰ። ኑርሀያት ቀና ብላ ታየዋለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። አባትየው ከልጃቸው የደበቁትን እኔ ማን ነኝና አወጣዋለሁ ብሎ ዋጠው።

"ሁለተኛ ዓይን እጨምርልዎታለሁ" አለ በመጨረሻ።

"አጥፋኝ" አሉ ጋሽ ሙዘይን። "ከነሥሬ አጥፋኝ። ልጄም ከዚህ በኋላ አትመጣም። አውፍ በሉን፣ ይቅር በሉን፣ በቃ።"

ጎተራው ውስጥ ወሬው ቀድሞት ደርሷል። ኡሙሰልማ መርፌዋን ሰክታ ተቀምጣለች። ጠሃ ይንጎራደዳል።

"ዓይን ጨምርላቸውና እንታረቃቸው" አለ ጠሃ።

"ባንድ ጉንጭ ሁለት ዓይን?" አለ ፈንታሁን። "ያን ጊዜማ ጅብም አይጠጋን።"

"እንግዲያው ያጥፋቸው! ሰውየው ራሳቸው አጥፋኝ ብለዋል። ያለ ኑርሀያት እሑድ ምን ይዘን ነው የምንወጣው? ማዳበሪያ?"

አሻግሬ ነጩን ቀለም ከፈተና መጋረጃው ፊት ቆመ። ብሩሹን ነክሮ አነሳ። እጁ ግን እንቢ አለው። ወደ ኋላ ራቅ ብሎ ሥዕሉን እንዳዲስ ተመለከተው። ገበያው አለ፣ ሐይቁ አለ፣ ሕዝቡ ጢም ብሏል። ሁሉም በሁለት ሁለት ዓይኑ ወደ ውጭ አፍጥጧል። ዳር ላይ ብሩሽ ይዞ የቆመው አሻግሬ ራሱ እንኳ ያፈጠጠው ወደ ውጭ ነው። መሀል ላይ ልጅቷ ታዜማለች።

"እስቲ እዩ" አለ። "ይሄን ሁሉ ሕዝብ ሰብስቤ ልጅቷን የሚሰማት አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱን ነው አጥፋ የምትሉኝ?"

አሻግሬ ወደ ዳር ሄዶ የራሱን ፊት በነጭ ቀለም ለቀለቀው። ሲደርቅለት እንደገና ሣለው፤ ጎኑን ሰጥቶ፣ ባንድ ዓይን፣ ወደ ልጅቷ። እውነት ለመናገር፣ አጎቱን አስቦ ሁለቴ አማትቧል።

ፈንታሁን ጭንቅላቱን እያከከ ቀረበ። "የኔንም አዙረው በሞቴ። ማሲንቆ እየመታሁ በር በር ማየቴ ከንክኖኝ ነበር፤ ልናገር አፍሬ ነው።"

በማግስቱ ቅዳሜ እትዬ ተሻለች መስተካከሉን ሊያዩ መጡ። ጋሽ ሙዘይን እንደነበሩ ናቸው። ጭራሽ ሠዓሊውም፣ ማሲንቆ መቺውም፣ መምህር ጠሃም፣ ጥልፍ ሠሪዎቹም ባንድ ባንድ ዓይን ሆነዋል።

"ምነው አብደሃል? የሰው አልበቃ ብሎህ ራስህን ይሁዳ አደረግህ?"

"አይደለም እትዬ። እየሰማኋት ነው። ጋሽ ሙዘይንም እሷን ነው የሚያዩት። ሌላው ዓይናቸው አልጠፋም፤ ወዲያ በኩል ነው ያለው።"

እትዬ ተሻለች የእያንዳንዱን ዓይን እየተከተሉ ቢያዩ ሁሉም ልጅቷ ላይ ያርፋል። ቆይተው ቆይተው ራሳቸውን ፈለጉ። "እኔሳ? እኔ ወዴት ነው የማየው?"

"ወደ ውጭ።"

"ልጅቷ እዚህ እያዜመች እኔ ውጭ ምን አለኝ?" ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። "ወይኔ ተሻለች! ወንድሜን በከንቱ አማሁት በለኛ!"

"አላወቁም።"

"አላውቅም ብዬ ዝም ብል ጥሩ ነበር። በል አዙረኝ። ነጠላዬን ብቻ እንዳታበላሽ። እሑድ ይሁዳው የቱ ነው የሚል ካለ እኔን ይጠይቀኝ!"

አሻግሬ ነጠላቸውን ሳይነካ ፊታቸውን አዙሮ እንደጨረሰ፣ ከአሱር ሶላት በኋላ፣ እትዬ ተሻለች ጋሽ ሙዘይንን እየለመኑም እየጎተቱም አመጧቸው። ኑርሀያት ከኋላ ተከትላለች። የሚጠልፈውም የሚያቦካውም ሥራውን አቆመ። ጋሽ ሙዘይን መጋረጃውን ከዳር እስከ ዳር አዩት።

"ከተማውን በሙሉ ነው እንዴ ዓይን ያጠፋኸው?"

"አንቱን ግን አልነካሁም" አለ አሻግሬ። ብሩሹንና ነጩን ቀለም አቀበላቸው። "አጥፋኝ ብለውኛል፤ እጄ እንቢ አለኝ። ካስቀየምሁዎት በገዛ እጅዎ ያጥፉት።"

ጋሽ ሙዘይን ብሩሹን ይዘው ወደ ራሳቸው ሥዕል ተጠጉ። ነጩ ቀለም ጫማቸው ላይ ይንጠባጠባል። ኑርሀያት በአባቷ ትከሻ በኩል አንገቷን አስግጋ አየች።

"አባ" አለች፣ "በሩ ጋ ነው እኮ የቆምኸው። ቁልፉንም ይዘሃል።"

ጋሽ ሙዘይን የሚንጠባጠበውን ብሩሽ ዝቅ አደረጉ።

"መጥተህ ነበር?"

"ሱቅ ዘግቼ ሳልፍ ነው።"

"ስንቴ?"

"እኔ እንጃ። አንድ ሁለቴ።" ጆሯቸው ቀላ። "እሺ፣ ከዚያም ይበልጣል።"

ኑርሀያት በሻሿ አፏን ሸፈነች። ማልቀሷ ይሁን መሳቋ አልለይ አለ። "ዘፈን አልወድም ትለኝ የለም እንዴ!"

"ዘፈን አልወድም" አሉ ጋሽ ሙዘይን። "የምሰማው አንቺን ነው።"

እትዬ ተሻለች ከበሩ በኩል ጮክ ብለው አለቀሱ፤ ፈንታሁን ደግሞ ክሩን የሚቃኝ መስሎ አጎነበሰ። ጋሽ ሙዘይን በእጃቸው ያለውን ብሩሽ አዩትና ለአሻግሬ መለሱለት።

"ኮፍያዬን አጣመህብኛል። እሷን አቅናልኝ።"

ከዚያ ከግድግዳው ጥግ አግዳሚውን ወንበር በሁለት እጃቸው እየጎተቱ አምጥተው መድረኩ ፊት መሀል ላይ አስቀመጡትና ተቀመጡ።

"እሑድም እዚህ ነኝ። ቦታዬን ማንም እንዳይዝብኝ" አሉ። "በይ ጀምሪ እንጂ።"